ዮጋውን በቃላችሁ ያዙት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ዮጋ እንደምሠራ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛውን ቪዲዮ ልከተል?» ብሎ ነው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። አንዱን ምረጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ከዚያ ስልኩን አስቀምጡና ቅደም ተከተሉን በቃላችሁ ያዙ። ቤት ውስጥ የሚሠራ ዮጋ የሚዘልቀው በቃል ሲያዝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስልክ እያዩ መሥራት አንገት ያጣምማል። ጭንቅላት ዘና ብሎ ወደ ታች መንጠልጠል ባለበት ሰዓት ቀና ብላችሁ ስክሪን ትፈልጋላችሁ። ቪዲዮው ላይ ያለችው አስተማሪ በራሷ ትንፋሽ ነው የምትሄደው። እናንተ ደግሞ እሷን ለመድረስ ስትሉ የራሳችሁን ትንፋሽ ትቆርጣላችሁ። መብራት ሲጠፋ፣ ካርድ ሲያልቅ፣ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ልምምዱም አብሮ ይቆማል። በቃሉ የያዘ ሰው ግን ምንጣፉ ላይ መቆም ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ጎንበስ ብዬ ነው የምውለው፤ የበዓል ሰሞን ሲሆን ማታም ይጨመራል። ዮጋ የጀመርኩት ትከሻዬና የላይኛው ጀርባዬ እንደ ቆዳ ድርቅ እያለ ሲያስቸግረኝ ነው። አዲስ አበባ ለሥራ በሄድኩባቸው ጊዜያት ክፍል ገብቼ ተምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን በሙሉ የቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋና ጠረጴዛ ገፋ አድርጌ የያዝኩት ነው። ስለዚህ የምጽፍላችሁ አስተማሪ በቅርብ ለሌላችሁና ቤታችሁ ውስጥ ብቻችሁን ለምትጀምሩ ነው።

የትኛውን ቅደም ተከተል?

ለጀማሪ የፀሐይ ሰላምታ የሚባለውን የሚያህል የለም። አጭር ነው፣ መላ ሰውነትን ያንቀሳቅሳል፣ እንቅስቃሴው ሁሉ ከትንፋሽ ጋር የተያያዘ ነው። ችግሩ ዓይነቱ ብዙ መሆኑ ነው። አንደኛው ቪዲዮ አንድ እግር ወደ ኋላ ወስዶ ጉልበት መሬት ያስነካል፤ ሌላው ሁለቱንም እግር በአንዴ ይወረውራል። አንዱ 12 እንቅስቃሴ ይቆጥራል፤ ሌላው 9። ሰው ዛሬ ይሄን፣ ነገ ያንን እያየ ሲደባልቅ ወር ሙሉ ሠርቶ አንዱንም አይዝም።

የፀሐይ ሰላምታን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በስፋት እንዲታወቅ ያደረጉት ሕንድ ውስጥ አውንድ የምትባል ትንሽ ግዛት ገዢ ናቸው፤ ለሕዝባቸው ጤና ብለው ነው። 9 የሚቆጠረው ደግሞ ከማይሶር ከተማ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ክሪሽናማቻርያ የሚባሉት መምህር እዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያስተምሩ ነበር፤ ዛሬ ዓለም ላይ የሚሠራው አብዛኛው የዮጋ ዓይነት በእሳቸው ተማሪዎች በኩል ያለፈ ነው። 12ቱም 9ኙም ደህና ናቸው። እኔ የያዝኩት የማይሶሩን ስለሆነ የማሳያችሁ እሱን ነው። ሌላኛውን ከመረጣችሁም አያያዙ ያው ነው። ብቻ አታደባልቁ።

ማይሶር ውስጥ አንድ የምወደው ልማድ አለ። መምህሩ ሙሉውን ቅደም ተከተል በአንድ ጊዜ አያሳይም። አንድ አቋም ይሰጣል፤ ተማሪው እሱን ሲይዝ የሚቀጥለውን ይጨምርለታል። ይሄን ስሰማ ትዝ ያለኝ አጎቴ ነው። መንዝ ውስጥ አብነት ትምህርት ቤት ነው ያደገው። የቃል ትምህርቱን ማታ ያለ መጽሐፍ ነበር የሚማሩት፤ የኔታ የትናንቱን ሳያስደግሙ የዛሬውን አይሰጡም። አጎቴ ዛሬ ሸምግሎ እንኳን ከመሀል ቢያስጀምሩት ሳያደናቅፈው ይወጣዋል። ዮጋውንም እንደዚያ ነው መያዝ ያለብን። የትናንቱን ደግሞ፣ በላዩ ትንሽ መጨመር።

ቦታና ዕቃ

ሁለት ክንዳችሁን ወደ ጎን ዘርግታችሁ ዞር የምትሉበት፣ በቁመታችሁ ደግሞ የምትተኙበት ቦታ ይበቃል። ቦታው በየቀኑ ያው ቢሆን ይመረጣል። ሰውነት ቦታ ይለምዳል።

የዮጋ ምንጣፍ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ካላገኛችሁ ደረቅ ሲሚንቶ ወለል ወይም ጣውላ ላይ በባዶ እግር መቆም ይቻላል፤ ለጉልበት ብቻ ጋቢ አጥፋችሁ አስቀምጡ። ሰሌን አልመክርም፣ ከእግር በታች ይንሸራተታል። ስፖንጅ ፍራሽም አይሆንም፤ የእጅ አንጓ ይሰምጥበትና ያማል። ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ላብ ጠብ ካለ ያዳልጣል፣ ተጠንቀቁ።

ዮጋ ላይ በዕቃ መደገፍን በሰፊው ያስለመዱት አይንጋር ናቸው። እሳቸውም የማይሶሩ መምህር ተማሪ ነበሩ። ቀበቶ፣ ብሎክ፣ ብርድ ልብስ፣ ወንበር ሳይቀር ይጠቀሙ ነበር። ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ለቀበቶ መቀነት አለ፣ ርዝመቱም ይተርፋል። ለብሎክ ሁለት ጡብ አምጥቼ በትርፍራፊ ጨርቅ ልብስ ሰፍቼላቸዋለሁ። ብርድ ልብስ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ አይታጣም።

ስለ ብርዱ ሳልናገር አላልፍም። ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት ውርጭ ነው። የቀዘቀዘ ጡንቻ ላይ ገብቶ መጎተት ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ ሹራብና ካልሲ እንደለበሳችሁ በእጅና በጉልበት ተንበርከኩ። አየር እየሳባችሁ ጀርባችሁን ወደ ታች አጉብጡ፣ እያወጣችሁ ወደ ላይ አጉብጡ። አሥር ጊዜ ያህል። መዳፍ ለመዳፍ አፋትጉ፣ ትከሻ አሽከርክሩ። ካልሲው የሚወልቀው መቆም ሲጀመር ነው። በእነዚህ ወራት እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አልነሳም። ፀሐይዋ በመስኮት እስክትገባ እጠብቃለሁ፤ ካልሆነም ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ እሠራለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ ከሰል አስገብታችሁ በር እንዳትዘጉ። የከሰል ጭስ ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ ሰው ይገድላል። በጥልቀት በምትተነፍሱበት ሰዓት ደግሞ ይብሳል። ብርዱን በልብስ ነው መከላከል።

አራቱ ቁራጮች

ዘጠኙን እንቅስቃሴ በአራት ቁራጭ ከፍዬ ነው የያዝኳቸው። ለአንዱ ቁራጭ ሦስት አራት ቀን ስጡት። ቸኩሎ የሚገኝ ነገር የለም። ትንፋሽ በአፍንጫ ገብቶ በአፍንጫ ይወጣል። «ሳቡ» ስል አየር ማስገባት፣ «አውጡ» ስል ማስወጣት ነው።

የመጀመሪያው ቁራጭ ቆሞ የሚሠራ ነው። እግሮቻችሁን ገጥማችሁ፣ ወይም በመሀላቸው አንድ ጭብጥ ያህል ቦታ ትታችሁ ቁሙ። ሳቡ፤ እጆቻችሁን በጎን በኩል ወደ ላይ አንሱና አውራ ጣታችሁን እዩ። አውጡ፤ ከዳሌያችሁ ታጥፋችሁ ጎንበስ በሉ፣ እጅ ወደ መሬት። እዚህ ጋ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ። ጉልበት ቀጥ ማድረግ ጉብዝና አይደለም፤ የጭናችሁ ጀርባ አጭር ከሆነ ሸክሙን ወገባችሁ ነው የሚቀበለው። ሳቡ፤ ደረታችሁን እስከ ግማሽ ቀና አድርጋችሁ ጀርባችሁን ዘርጉ። እጅ ቅልጥም ላይ ወይም ጡብ ላይ ይሁን። አውጡ፤ እንደገና ጎንበስ። ሳቡ፤ እጅ ወደ ላይ እያነሳችሁ ቀና በሉ። አውጡ፤ እጅ ወደ ጎን ይውረድ።

ይቺን ብቻ ደጋግማችሁ ሥሩ። ቀላል ትመስላለች፣ ግን ልብ በሉ። የፀሐይ ሰላምታ መጀመሪያውና መጨረሻው አንድ ነው። አንደኛውና ዘጠነኛው እጅ ወደ ላይ ነው። ሁለተኛውና ስምንተኛው ጎንበስ ማለት ነው። ሦስተኛውና ሰባተኛው ግማሽ ቀና ማለት ነው። በመጀመሪያው ቁራጭ ከ9ኙ 6ቱን ያዛችሁ ማለት ነው። የሚቀራችሁ የመሀሉ ሦስት ብቻ ነው። ይሄን ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ የማይል ሰው አላየሁም።

ሁለተኛው ቁራጭ ስድስተኛው እንቅስቃሴ ነው፤ ቪዲዮ ላይ «ዳውን ዶግ» ሲሉ የምትሰሙት። ከቅደም ተከተሉ ነጥላችሁ ለብቻው ሥሩት። በእጅና በጉልበት ተንበርከኩ። ጣቶቻችሁን በደንብ ዘርጉ፣ እጅ በትከሻ ስፋት ይሁን። የእግር ጣታችሁን መሬት አስይዛችሁ ዳሌያችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ግፉ። እዚህም ጉልበት አጠፍ ይበል፣ ተረከዝ መሬት ባይነካ ግድ የለም። ዋናው ጀርባው ረዘም ማለቱ ነው። አምስት ትንፋሽ ቆዩ።

እጅና እግር ምን ያህል ይራራቁ? ይሄ ጀማሪን ሁሉ ያስጨንቃል። ከዳውን ዶግ ሳትነቃነቁ ወደ ፊት ተንሸራተቱና ሰውነታችሁን እንደ ጣውላ ቀጥ አድርጉ። ትከሻችሁ ልክ ከእጅ አንጓችሁ በላይ ከመጣ ርቀቱ ልክ ነው። ወደ ኋላ ከቀረ እግራችሁን ወደ ፊት አምጡ፤ አልፎ ከሄደ ወደ ኋላ ውሰዱ። እኔ ርቀቱን ካገኘሁት በኋላ ጨርቅ በማሰምርበት ጠመኔ ሁለት መዳፍና ሁለት ውስጥ እግር ወለሉ ላይ ሣልኩ። ጠመኔው በየቀኑ ይደበዝዝ ነበር፤ እኔም አደምቀው ነበር። አንድ ቀን ማድመቁን ትቼ ዓይኔን ጨፍኜ ገባሁ። ዓይኔን ስገልጥ እጄም እግሬም ደብዛዛው መስመር ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጠመኔ አላስፈለገኝም።

ሦስተኛው ቁራጭ ከባዱ ነው። አራተኛውና አምስተኛው እንቅስቃሴ። ከጣውላው ላይ አየር እያወጣችሁ ወደ ታች መውረድ፣ ከዚያ አየር እየሳባችሁ ደረት ማንሳት። ሰው እዚህ ጋ ነው ትከሻውን የሚጎዳው። ስለዚህ ጉልበታችሁን መሬት አሳርፉ። ክርናችሁን ከጎድናችሁ ጋር አስጠግታችሁ በዝግታ ውረዱ። ወደ ጎን ከተከፈተ ሸክሙ ትከሻ መገጣጠሚያ ላይ ይወድቃል። ትከሻ ከክርን በታች አይውረድ። ከዚያ በሆዳችሁ ተኙና፣ ታፋችሁ መሬት ላይ እንዳለ፣ አየር እየሳባችሁ ደረታችሁን ትንሽ አንሱ፤ ኮብራ የሚባለው ነው። ትንሽ ብቻ። እጅ ላይ ክብደት ሳይኖር ጀርባው ራሱ የሚያነሳውን ያህል። ቪዲዮ ላይ ታፋም ጉልበትም ከመሬት ተነስቶ በእጅና በእግር ጀርባ ብቻ የሚቆሙትን ታያላችሁ። እሱ ሲጠነክሩ የሚመጣ ነው። ሙሉ ዓመት በጉልበት ብትወርዱም ምንም አይጎድልባችሁም።

ለእንደ እኔ ዓይነቱ፣ ጎንበስ ብሎ ለሚውል ሰው ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ ደረት ማንሳት ነው። መኪና ላይ፣ ኮምፒውተር ላይ፣ መሪ ላይ የምትውሉ ሁሉ ይህን ቁራጭ ለብቻው አምስት ጊዜ ብትደግሙት ማታ ትከሻችሁ ይነግራችኋል።

አራተኛው ቁራጭ መሸጋገሪያው ነው። ከጎንበስ ወደ ጣውላ እግር መውሰድ፣ ከዳውን ዶግ ደግሞ እግር ወደ እጅ መመለስ። መዝለሉን እርሱት። በአንድ ዙር ቀኝ እግር ይቅደም፣ በሚቀጥለው ግራ። ስትመለሱ እግራችሁ እጃችሁ መሀል አልደርስ ካለ አትናደዱ። በአንድ እጃችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ይዛችሁ ወደ ፊት አምጡት፤ ወይም ከእጃችሁ በታች ጡብ አድርጉ፣ ቦታ ይሰፋል።

አሁን አገናኙት። ሳቡ፣ እጅ ወደ ላይ። አውጡ፣ ጎንበስ። ሳቡ፣ ግማሽ ቀና። አውጡ፣ እግር ወደ ኋላ ወስዳችሁ ውረዱ። ሳቡ፣ ደረት ይነሳ። አውጡ፣ ዳውን ዶግ፤ አምስት ትንፋሽ። ሳቡ፣ እግር ወደ ፊት መጥቶ ግማሽ ቀና። አውጡ፣ ጎንበስ። ሳቡ፣ እጅ ወደ ላይ። አውጡ፣ ቁሙ።

በቃል እንዲገባ

ከላይ ያለችውን አንቀጽ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። መጀመሪያ ድምፅ አውጥታችሁ እያላችሁ ሥሩ። አፍ የሚለውን ሰውነት ቶሎ ይይዛል። ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ በሹክሹክታ፣ ከዚያ በልብ። ወረቀቱን ገልብጣችሁ ለጥፉትና ስትረሱ ብቻ ገልጣችሁ እዩ።

ቤት ውስጥ ማንበብ የሚችል ልጅ ካለ አስነብቡት። እኔ ልጄን አስነብባት ነበር። መጀመሪያ ላይ እንደ መንደሪን ሻጭ ነበር የምታቻኩለው፤ «እማዬ፣ ገና አልወጣም?» ትለኛለች። ከዚያ እሷም ከእኔ ጋር እየተነፈሰች ማንበብ ጀመረች፣ ልኩንም አገኘችው። ብቻችሁን ከሆናችሁ የራሳችሁን ድምፅ ስልክ ላይ ቅረጹ። ምንጣፉ ላይ ቆማችሁ፣ በእውነት እየተነፈሳችሁ ቅረጹት። ፍጥነቱ የእናንተ ስለሚሆን የማንም ቪዲዮ አይተካውም።

ቃሉ መያዙን የምታውቁት ከመሀል መጀመር ስትችሉ ነው። ዳውን ዶግ ላይ ሆናችሁ ጀምሩ። ቀጥሎ ምን ነበር? ሳቡ ነው ወይስ አውጡ? ካቅማማችሁ ገና ነው። ትንፋሹ ራሱ መንገድ ጠቋሚ ነው። ደረት የሚከፈትበትና ቀና የሚባልበት ሁሉ መሳብ ነው፤ መታጠፍና መውረድ ሁሉ ማውጣት ነው። ይሄ ከገባችሁ ብትጠፉም መንገዱን ታገኙታላችሁ።

ቪዲዮ በዚህ ጊዜ ሌላ ጥቅም አለው። በሳምንት አንዴ ስልካችሁን ወንበር ላይ አስደግፋችሁ ከጎን ራሳችሁን ቅረጹ። ግማሽ ቀና ስትሉ ጀርባችሁ ተዘርግቷል ወይስ ጎብጧል? ስትወርዱ ክርናችሁ ወዴት ሄደ? ትከሻችሁ ጆሮ ሥር ገብቷል? በሳምንቱ አንዱን ብቻ መርጣችሁ አርሙ። ሁሉንም በአንዴ ላርም ካላችሁ ትንፋሹ ይጠፋል።

ከዚያ ወዲያ

ሦስት ወይም አምስት ዙር ስትሠሩ ሰውነት ይሞቃል። ከዚያ በኋላ የምትጨምሩትም በዚያው መንገድ ነው፤ በሳምንት አንድ አቋም። የእኔ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ቆሜ ጦረኛ ሁለት (እግር በሰፊው ከፍቶ የፊቱን ጉልበት አጥፎ እጅን ወደ ጎን መዘርጋት)፣ ሦስት ማዕዘን (እግር ከፍቶ ቀጥ አድርጎ ወደ ጎን ማዘንበል)፣ ዛፍ (በአንድ እግር መቆም)። ቁጭ ብዬ እግር ዘርግቼ ወደ ፊት ማጎንበስ፣ መቀነቱን ውስጥ እግሬ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ እየያዝኩ። በጀርባዬ ተኝቼ ዳሌ ማንሳት፣ ከዚያ ጉልበት ወደ ጎን ጥሎ መጠማዘዝ። በመጨረሻ መተኛት። በግማሽ ሰዓት ያልቃል።

እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር ሁለተኛውን ጎን ነው። ቀኙን ሠርቶ ግራውን ረስቶ ያልፋል። ሁሌ ከቀኝ ጀምሩ። ጥርጣሬ ውስጥ ከገባችሁ አሁን የቆማችሁበትን እግር እዩ፤ ቀኝ ከሆነ ግራ ይቀራችኋል።

መጨረሻ ላይ ያለውን መተኛት አትዝለሉት። ቢያንስ አምስት ደቂቃ። በእኛ አገር ብርድ ላብ ያለበት ሰውነት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ሹራብና ካልሲ መልሳችሁ ለብሳችሁ፣ ጋቢ ደርባችሁ ተኙ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ደረጃ ካለው 7 አሥረኛ ያህል ነው። ተወልዶ ያደገ አይሰማውም፣ ከቆላ የመጣ ግን ይሰማዋል። የአክስቴ ልጅ ሸዋ ሮቢት ናት፤ እዚያ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። እኔ ጋ ስትመጣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሁለት ዙር ሠርታ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ከዙር ዙር መሀል ቆማ ሦስት ትንፋሽ እንድታርፍ አደርጋታለሁ፤ በቂ ነው። እሷ ጋ ደግሞ ችግሩ ሙቀት ነው። ፀሐይ ሳይበረታ፣ ጎህ ሲቀድ ካልሠራች ቀኑ አለፈ ማለት ነው፤ ማሞቂያውንም ማሳጠር ትችላለች።

ሆድ ባዶ ይሁን። ከበላችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ይለፈው። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ጠዋት ላይ ቀለል አድርጋችሁ ሥሩ። ከጎንበስ ቀና ስትሉ ዝግ በሉ፣ ያዞራል። የሰሙነ ሕማማት ሰሞን እኔ ስግደት ስላለብኝ የተኝቶውን ብቻ ነው የምሠራው።

ደም ግፊት ያለባችሁ፣ የዓይን ግፊት ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ወገባችሁ ተነስቶ ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድባችሁ ሳትጀምሩ ሐኪም አማክሩ። ጭንቅላት ከልብ በታች የሚሆንበትና ትንፋሽ የሚያዝበት ነገር ለእናንተ ላይሆን ይችላል። መወጠርና መውጋት ይለያያሉ። መወጠር ደህና ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ ሲወጋችሁ ግን እዚያው አቁሙ።

ከሃይማኖት ጋር እንዴት ነው የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ጥያቄውም የሚገባ ነው። እናቴ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ስግደት ነው ስፖርት?» ብላኛለች። ዮጋ የመጣው ከሕንድ ነው፣ ከሂንዱ እምነት ጋርም ረጅም ትስስር አለው። የፀሐይ ሰላምታ የሚለው ስምም ዝም ብሎ የወጣ አይደለም። ይሄን መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም። እኔ የምሠራው እንቅስቃሴውንና ትንፋሹን ነው። ከዮጋ ጋር የሚባለውን ዜማ አልልም፤ ጸሎቴን አስቀድሜ የራሴን አደርሳለሁ። ልባችሁ ካልተቀበለው ንስሐ አባታችሁን ወይም ሼካችሁን ጠይቁ፤ ተጨንቃችሁ አትሥሩት።

ቀን ሲያልፋችሁ፣ ሠርግ ሲደራረብ፣ ለቅሶ ሲኖር፣ ሥራ ሲበዛ ከዜሮ አትጀምሩ። ስትመለሱ የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ ሥሩ፤ በማግሥቱ ሁለተኛውን ጨምሩ። የተያዘ ቃል ተመልሶ ይመጣል። ጊዜ በሌለበት ቀን አንድ ዙር ይበቃል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ይሄ ሁሉ ሳያስቡት የሚሄድ ሲሆን ሁለተኛውን የፀሐይ ሰላምታ መጀመር ትችላላችሁ። 17 እንቅስቃሴ ነው ሲባል ያስፈራል። አዲሱ ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ወንበር የሚባለው አቋም፣ መሀል ላይ ጦረኛ አንድ (አንድ እግር ወደ ፊት አምጥቶ ጉልበቱን ማጠፍ፣ እጅ ወደ ላይ) በቀኝና በግራ። ሌላው ሁሉ በእጃችሁ ነው። ወንበሩ ላይ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ዳሌያችሁን ወደ ኋላ አስቀምጡ፣ እጅ ወደ ላይ። ጦረኛ አንድ ላይ የኋላ እግራችሁን ተረከዝ ወደ ውስጥ አዙራችሁ መሬት አስረግጡ፤ ጉልበታችሁን ካስጨነቀው ተረከዙን አንሱት። ሁለቱን ለየብቻ ሳምንት ሳምንት ስጧቸው፣ ከዚያ ወረቀቱን እንደገና ጻፉ።